ሁሉም የፈቀዱለት ምሳ

አንድ ይሉኝታ የሚያጠቃው ልብስ ሰፊ ነበር። ደንበኛው ወፍሮ ሱሪው ቢጠበው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው።

አንገቱ ሥር እጢ ወጣበት። ሐኪሙ መረመረውና «ካንሰር ነው። ገና አልተሰራጨም፤ አሁን በቀዶ ጥገና ከወጣ ተስፋው ጥሩ ነው። ሰኞ ይምጡ» አለው።

ከሰኞ በፊት ግን ጠያቂ ደረሰ።

ጎረቤቱ የሽፈራው ቅጠል ይዛ መጣች። «ቢላ የነካው እጢ ይቆጣል!» አለችው። እምቢ ማለት አፈረ። ሰኞም አለፈች።

የእድሩ ዳኛ «ስኳር እኮ እጢውን ነው የሚቀልበው» ብሎ ሻዩን ከእጁ ቀማው። ሌላው ሥጋ ከለከለው። የሚስቱ አክስት እንጀራ ከለከለች፤ እርሾ ያሳብጣል አለች። ጎማ ነጋዴው ጋሽ ዘለቀ ደግሞ በጠርሙስ አረንጓዴ የሥር ጭማቂ አምጥቶ፣ እስኪጨርስለት ከራስጌው ቆመ።

«ሐኪም ቤት በእግር ይገቡበታል፣ በሰው ትከሻ ይወጡበታል! የአጎቴን ልጅ ያዳነችው ይቺ ጭማቂ ናት።»

«አሁን የት አለ?» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት ስንዱ።

«እሱማ ሞቷል። ግን በሌላ በሽታ ነው።»

ልብስ ሰፊው ጠጣ። ከሳ። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሲያስቸግረው በስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ አጠበበው። ቆይቶ የሸሚዙ ኮሌታ አልቆለፍ አለው፤ እሱን አሰፋው። እንደገና ሱሪውን አጠበበ፤ እንደገና ኮሌታውን አሰፋ።

አንድ ቀን ስንዱ ምሳ አቀረበች። ክዳኑን ሲያነሣው ሳህኑ ባዶ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሁሉም የፈቀዱልህ ምሳ ነዋ! እያንዳንዱ የከለከለውን ሳነሣ ሳነሣ ይሄ ቀረ።»

«ውሃስ?»

«ቀዝቃዛውን ጋሽ ዘለቀ፣ ሙቁን አክስቴ ከልክለዋል።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሱሪህን ስታጠብብ፣ ኮሌታህን ስታሰፋ ዝም ብዬ አየሁህ። የጾምከው አንተ ነህ፤ እጢው አልጾመም። እነሱ እንዳይቀየሙህ ብለህ እኔን ባል አልባ ልታስቀረኝ ነው?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ። ወረፋው ላይ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው አውርዷል። ኮቱን ግን ልብስ ሰፊው ወዲያው ለየው፤ የሰፋው ራሱ ነው።

«ጋሽ ዘለቀ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ሰው ልጠይቅ ነው።»

ነርሷ በሩን ከፈተች። «ዘለቀ! የሆድ ሕመም!»

ጋሽ ዘለቀ ሆዱን ይዞ ተነሣ። «ያቺን ጭማቂ ትናንት እኔም ቀመስኳት» አለ በሹክሹክታ።

«ዘግይተዋል» አለው ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን። «ሥራው ከብዷል። ግን ደርሰዋል።» እጢው ወጣ። አንገቱ ላይ ረጅም ጠባሳ ቀረ። ልብስ ሰፊው በመስታወት ስፌቱን እያየ «እጁ ጥሩ ነው» አለ።

ሊጠይቀን የመጣ ሁሉ ይወደናል፤ የወደደን ሁሉ ግን መድኃኒት አያውቅም። ቅጠሉን በምስጋና ተቀብሎ፣ ሐኪም ዘንድ በቀጠሮ መሄድ ነውር አይደለም። ይሉኝታ ለጎረቤት ነው፤ በሽታ ይሉኝታ የለውም።

እርስዎስ፣ ማን እንዳይቀየምዎት ብለው ነው ሰኞን ያሳለፉት?