ገና ከቤቱ ያልወጣው አምስተኛ

በኮሮና ጊዜ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ዘርትሁን የመውለጃዋ ሳምንት ስለደረሰ እናቷ ሊያርሷት ከገጠር መጡ። ሁለት ጎረቤቶችም የገንፎውን ገብስ ሊለቅሙ ገቡ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ደምሰው ይህን ሰምተው እየተጣደፉ ደረሱ። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። አራት ሆኑባቸው። እንደገና ቆጠሩ፤ ያው አራት ነው። ዝም ብሎ መመለሱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ የዘርትሁንን ሆድ አይተው ፈገግ አሉ።

«አምስተኛው ይኸው! በሉ አንድ ሰው ይውጣ። እማማ፣ እርስዎ የዚህ ቀበሌ ሰው አይደሉም። ዛሬውኑ ወደ አገርዎ ይመለሱ።»

ዘርትሁን የእናቷን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ያለ እናቷ መውለድ ፈርታለች።

እናትየው ግን ገብሱን መልቀማቸውን አላቋረጡም።

«ጌታዬ፣ በየቀኑ በድምፅ ማጉያ ‹ከቤታችሁ አትውጡ› የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ እንጂ!»

«ይሄ ልጅ እኮ ትእዛዝዎን አክብሮ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። እሱ ገና የራሱ ቤት ነው ያለው። እኛ ቤት የገቡት አምስተኛ ሰው እርስዎ ነዎት። ይልቅ እሱ ሲወጣ ይምጡ፤ ገንፎዎን በር ላይ እናቀብልዎታለን።»

አቶ ደምሰው ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡና ወጡ። ልጁ በተወለደ ማግስት ግን በሩ ላይ ቆመው ነበር።