«ኢንሹራንስ አላት»

አንዲት ሴት ነበረች፤ አዳማ ውስጥ በኪራይ ቤት የምትኖር። እታገኘሁ ትባላለች። እናታቸው ስትሞት ታናሽ እህቷን የሺመቤትን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ጠላ እየሸጠች አስተማረቻት። የሺመቤት ተማረች፣ አገባች፣ ቤት ሠራች። ያውም እንዴት ያለ ቤት! እታገኘሁ እዚያ በገባች ቁጥር የሚያብረቀርቀው ወለል ላይ እግሯን ማሳረፍ ያቅታታል። አፏ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሆዷ ግን «እኔስ?» ይላል።

ወገኖቼ፣ ይህን «እኔስ?» የማታውቁት አላችሁ?

ባሕር ዳር ያለችው ልጇ ስለወለደች፣ የሺመቤት ከባሏ ጋር አራሷ ዘንድ ሄደች። ቁልፉን ለእህቷ ሰጥታ፣ «እትዬ፣ ውኃውን ከቆጣሪው ዝጊልኝ። በሳምንት አንዴም ገባ ብለሽ እዪልኝ» አለቻት።

እሺ አለች። አልገባችም፤ ውኃውንም አልዘጋችም። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ወር አለፈ። ምን ከለከላት? ያ ወለል፣ ያ መጋረጃ። ብቻዋን ቆማ ልታየው አልቻለችም።

አንድ ጠዋት ከገበያ ስትመለስ፣ በእህቷ የግቢ በር ሥር ውኃ እየፈሰሰ ሲወጣ አየች። ጠፍቶ የሰነበተው የሰፈሩ ውኃ በኃይል ሲመለስ የወጥ ቤቱን ቱቦ አፈንድቶት ኖሯል። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቆመች። ቆመችና፣ «ይፍሰስ! ኢንሹራንስ አላት» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ልብ በሉ፤ አልሰረቀችም፣ አላቃጠለችም። አይታ አለፈች።

የሺመቤት ስትመለስ ወለሉ ተነቃቅሎ፣ ቁም ሣጥኑ አብጦ፣ ግድግዳው ሻግቶ ጠበቃት። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ መጣና ዞር ዞር ብሎ አየ። «ቤቱ ከአንድ ወር በላይ ባዶ ከቆየና ማንም እየገባ ካላየው፣ ለውኃ ጉዳት አንከፍልም። ውላችሁ ላይ አለ» አላት።

«እህቴ በየሳምንቱ ትገባ ነበር!» አለች የሺመቤት። «ንገሪው እንጂ፣ እትዬ።»

ሰውየው ወደ እታገኘሁ ዞረ። «እውነት ነው፣ እናቴ?»

አንዲት «አዎ» ብትል ቤቱ ይጠገናል፤ የእሷም ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ማን ያውቅባታል?

«አልገባሁም» አለች። «ውኃውንም አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩ።»

«ለምን?» አለች እህቷ።

«ቀንቼብሽ ነው፣ የሺዬ።»

የሺመቤት አልጮኸችም። ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ኢንሹራንሱም አልከፈለም።

በማግስቱ እታገኘሁ ባልዲና መወልወያ ይዛ መጣች። የሺመቤት በሩን ከፈተችላት፤ ቃል ግን አልተነፈሰችም። ጎን ለጎን ሲጠርጉ ዋሉ። ሲመሽ ነው፣ «እራት ሳትበዪ እንዳትሄጂ» ያለቻት። እታገኘሁ እዚያ ቤት የቀረበላት እህል ለመጀመሪያ ጊዜ ጣማት።

እናንተስ? የማን ማግኘት ነው ሆዳችሁን የሚበላው? የወንድማችሁ ትዳር ሲናጋ አይታችሁ «ገንዘብ አለው፣ ይወጣዋል» አላላችሁም? የጎረቤታችሁ ልጅ መጠጥ ቤት ሲያመሽ አይታችሁ «እስቲ እናቱም ትቅመሰው» አላላችሁም?

መናዘዝ ያማል፤ እታገኘሁንም አሟታል። ቢሆንም ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ በቅናት ዝም ያላችሁበት ሰው ቤት ሂዱ። ሂዱና «አይቼ ነበር» በሉት።