ጆንያው ያልጎደለበት መጋዘን

አንድ የዘር ነጋዴ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። በበጋ የስንዴና የበቆሎ ዘር ከሩቅ እያስመጣ በመጋዘኑ ያከማቻል፤ ሰኔ ሲቃረብ የአካባቢው ገበሬ ከእሱ ይገዛል። ነጋዴው ሚዛን የማያጎድል ቅን ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ይፈራል፤ ሌባ። ከዓመታት በፊት አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ሃያ ጆንያ ይዞበት ጠፍቶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሰው መቅጠር ባሰበ ቁጥር ጭንቅ ይይዘዋል።

በአንዱ ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ነጋዴውም የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አሠርቶ በግቢው በር ላይ ለጠፈ፤ በቴሌግራምም አስነገረ። በማስታወቂያው ግርጌ እንዲህ ይል ነበር፤ «ደመወዙ ከተቀጣሪው ደመወዝ የማያንስ አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል።»

ለአንዱ ቦታ ሰማንያ አራት ሰው ተመዘገበ። ከእነዚህ መካከል እናኑ የምትባል ልጅ ነበረች። ከኮሌጅ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። የትምህርት ማስረጃዋ ከመታጠፍ ብዛት መካከሉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተያይዟል። ይህ ቦታ ካልተገኘ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች፤ መሄዱን ግን አትወደውም። እናቷ ታማሚ ናቸው፤ ከእሷ ሌላም ልጅ የላቸውም።

በጽሑፍ ፈተና አሥር ሰዎች ተለዩ። የመጨረሻው ፈተና በመጋዘኑ ውስጥ ተሰጠ። ነጋዴው ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ሰጥቶ «ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱና ያያችሁትን ጻፉ» አላቸው። ሁሉም ጆንያ ቆጠሩ። እናኑም ቆጠረች። ከቆጠረች በኋላ ግን ቀና ብላ ጣራውን አየች። በወረቀቷም ላይ እንዲህ ስትል ጨመረች፤ «በሰሜን ጥግ ግድግዳው ላይ ውኃ የወረደበት ምልክት አለ። ቆርቆሮው ያፈሳል። ጆንያዎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ከሥራቸውም የእንጨት ርብራብ አልተነጠፈም። ዝናብ ሳይመጣ ይነሡ።»

ነጋዴው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። እሷንም አንደኛ አደረጋት። ጣራውን የሚቀጠረው ሰው ያሠራዋል ብሎ ግን ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስቀመጠው።

«አልፈሻል» አላት። «እስከ አሥር ቀን ተያዥሽን ይዘሽ ነይ።»

እናኑ መጀመሪያ ወደ አጎቷ ሄደች። አጎቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «ልጄ፣ አንቺን ሳላውቅሽ ቀርቼ አይደለም» አላት። «ለባልደረባዬ ፈርሜ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ለሰው፣ ለራሴም ስፈርም እፈራለሁ።» ወደ ጎረቤቷ ነርስ ሄደች። ነርሷ «ባለቤቴን ላማክረው» አለቻት፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣችም። የቀድሞ መምህሯ ከልባቸው አዘኑላት፤ እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ለሌላ ሰው ፈርመው ነበርና መሥሪያ ቤታቸው ሁለተኛ ደብዳቤ አይጽፍም።

ስትወጣ ስትወርድ ያያት አንድ ደላላ መንገድ ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ ምን ያንከራትትሻል? ተያዥ እኔ ዘንድ ሞልቷል። ዛሬ ብትከፍዪ ነገ ይፈርምልሻል።»

«ሰውየው ያውቀኛል?»

«አውቆሽ ምን ሊያደርግ? ሊያገባሽ አይደል። የሚፈለገው ፊርማው ነው።»

«የማያውቀኝ ሰው ስለ እኔ ምን ብሎ ይፈርማል?» አለችና ትታው ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን የግቢው ዘበኛ ጋሽ ዘገዬ ከበሩ ውጭ ቆማ አዩዋት። የሰፈራቸው ልጅ ናት።

«ምነው እናኑ፣ አትገቢም?»

«በባዶ እጄ ገብቼ ምን ልበል ጋሼ?»

ጋሽ ዘገዬ ኮፍያቸውን አወለቁና ወደ ነጋዴው ቢሮ ገቡ።

«ጌታዬ፣ ለዚህች ልጅ እኔ እፈርማለሁ።»

ነጋዴው ፈገግ አለ። «ጋሽ ዘገዬ፣ የእርስዎ ደመወዝ የሷን ግማሽ አይሞላም። ደንቡን ያውቁታል።»

«ደንቡን አውቃለሁ። ልጅቱንም አውቃታለሁ። የእድራችንን ዕቃ ቤት አራት ዓመት ይዛለች። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ለስንት ለቅሶ ወጥቶ ገብቷል፤ አንድ ጭልፋ አልጠፋም። የተቀደደውን ድንኳንም ማንም ሳያዛት ትሰፋለች።»

«ደግ ነገር ነው። እድር ግን የደመወዝ ደብዳቤ አይጽፍም።»

ዘበኛው ድምፃቸውን ሳያነሡ «ጌታዬ፣ የዚህን መጋዘን በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ» አሉ። «እርስዎ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ትተው ነው የሚሄዱት። በሺህ ጆንያ አምነውኝ፣ በአንዲት ሰው አያምኑኝም?»

ነጋዴው ግን «ደንብ ደንብ ነው፤ ለአንድ ሰው ከተጣሰ ለሁሉም ተጣሰ» ብሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

በማግሥቱ ሁለተኛ የወጣው ጎልማሳ ተያዡን ይዞ መጣ። ተያዡን ያገኘው በዚያው ደላላ በኩል ነው። ደብዳቤው ማኅተም አለው፤ ደመወዙም ይበቃል። ጎልማሳው ተቀጠረ።

አዲሱ ኃላፊ ሌባ አልነበረም። ይህን በእውነት መናገር ይገባል። ጠዋት ጠዋት ጆንያ ይቆጥራል፤ ማታም ቆጥሮ ይዘጋል፤ ቁልፉን ከአንገቱ አያወርድም። ነጋዴውም «ይኸው፣ ደንብ ሰውን አያሳፍርም» እያለ ተደሰተ። ስለ ጣራው ግን ማንም ለኃላፊው አልነገረውም፤ እሱም ቀና ብሎ አላየም።

ግንቦት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሦስት ቀን አከታትሎ ጣለ። ሰኔ ሲገባ ገበሬዎች አህዮቻቸውን እየነዱ መጡ። የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ የሻጋታ ሽታ ወጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሰሜን በኩል የተደረደረው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ኃላፊው መዝገቡን ይዞ እየሮጠ መጣና ቆጠረ። ከጆንያው አንድም አልጎደለም። ዘሩ ግን በጆንያው ውስጥ እንዳለ በቅሎ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ የበቀለውን ስንዴ በመዳፋቸው ዘግነው አዩና «እኛ ልንዘራው መጣን፤ እናንተ ቀድማችሁ ዘራችሁት?» አሉ። ማንም አልሳቀም። አህዮቹ ባዶአቸውን ተመለሱ።

ነጋዴው ተያዡን አስጠራ።

«የፈረምህለት ሰው ዘሬን አስበላሸ።»

«እኔ የፈረምሁት እንዳይሰርቅ ነው። ሰርቋል?»

«አልሰረቀም።»

«እንግዲያ እኔን ምን አመጣኝ?»

«ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሆነ አታውቅም ነበር?»

«ሰውየውንማ ያየሁት የፈረምሁለት ዕለት ነው» አለና ተያዡ ሄደ።

ነጋዴው ብቻውን ሲቀር ፋይሉን ከፍቶ የእናኑን ወረቀት አወጣ። «ዝናብ ሳይመጣ ይነሡ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ። ጋሽ ዘገዬንም አስጠራ።

«ያቺን ልጅ ይጥሩልኝ።»

«ሄዳለች ጌታዬ። ፋሲካ ሳይደርስ ነው የሄደችው።»

«ወዴት?»

«ዐረብ አገር፣ ሰው ቤት። ለእናቷ ደውላ ነበር። ባልና ሚስቱ የቤቱን ቁልፍና ሁለት ሕፃናት ለሷ ትተው ሥራ ይውላሉ አለች።» ጋሽ ዘገዬ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጥቂት አሻሹት። «ተያዥ አልጠየቋትም» አሉ።

ነጋዴው በቀጣዩ ዓመት ሌላ ማስታወቂያ ለጠፈ። ተያዥ አሁንም ይፈልጋል። ስለ ተያዡ ደመወዝ የሚናገረው መስመር ግን ወጥቶ በምትኩ ሁለት ጥያቄ ገብቷል፤ «ተያዡ ሠራተኛውን ስንት ዓመት ያውቀዋል? ምን ሲሠራስ አይቶታል?» የጣራው ቆርቆሮም ተለውጧል። የእናኑ እናት ቤት ግን እስከ ዛሬ ከእሳቸው በቀር ሰው የለበትም፤ እሳቸውን የእድሩ ሴቶች በተራ ይጠይቋቸዋል።

ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሌባ አለ፤ ለሰው ፈርሞ ቤቱ የተናጋበትም አለ። ሆኖም አንድ ጊዜ የተሰረቀ ሰው በሩን ብቻ ሲያይ ይኖራል፤ ጥፋቱ ግን በጣራ ሊመጣ ይችላል። የማያውቅ ሰው በገንዘብ የሸጠውን ፊርማ ተቀብለን፣ የሚያውቅ ሰው በነፃ ያቀረበውን ምስክርነት ከመለስን፣ የጠበቅነው ወረቀታችንን እንጂ ንብረታችንን አይደለም። ሥራ ፈላጊ በየበሩ ቆሞ ሳለ፣ ሠራተኛ ፈላጊ በውስጥ ተቀምጦ «ሰው ጠፋ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ቀጣሪ አትሆኑ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን «ተያዥ ሁኑኝ» ብሎ በራችሁን ያንኳኳ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እንቢ ብላችሁት ከሆነ፣ እንቢ ያላችሁት ስላላወቃችሁት ነበር፣ ወይስ እያወቃችሁት?