የጥንዚዛዋ ቀንድና የጎሹ ክንድ

ተረት ላውራ? «አውሪ!» በሉኛ፤ ዝም ካላችሁ አልጀምርም። እሺ፣ አሁን ይሁን።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍና እንስሳ በአንድ ቋንቋ ሲያወሩ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ጥንዚት የምትባል ጥንዚዛ ነበረች። ከሰውነቷ ቀንዷ ይረዝማል! የሷ ዘር በዓለም ላይ የቀረው እዛ ብቻ ነው። ልጆቿም የሚያድጉት በአንዲት የወደቀች የዝግባ ግንድ ውስጥ፣ እንጨቱን ቅርጥፍ ቅርጥፍ እያደረጉ ነው።

የጫካው ጌታ ደግሞ ጎሽ ነበር። ሆዳም! ሣር ሲካፈሉ «ሁሉም በየክንዱ ይለካ!» የሚል ሕግ አወጣ። ጥንቸል ሦስት ክንድ ለክታ አንድ ጉርሻ አይሞላላትም፤ እሱ ሦስት ክንድ ለክቶ ሜዳውን ይጨርሰዋል። ቅር ያለው ካለ «ሁሉም በየክንዱ!» ብሎ ያንባርቅበታል።

አንድ ቀን ጎሽን ጀርባውን በላው። «እዛች ግንድ ላይ ልታከክ!» ብሎ መጣ። ቢታከክባት ግንዷ ዱቄት ልትሆን ነው፤ ልጆቹም አብረው።

ጥንዚት ተንደርድራ ግንዷ ላይ ወጣች። «ኧረ ጋሼ፣ የልጆቼ ቤት ነው!»

«ዞር በይ፣ አንቺ ቅንጣት! ጫካው የባለ ረጅም ቀንድ ነው።»

«እንግዲያው የኔ ነዋ! የኔ ይረዝማል።»

ጎሽ በሳቅ ሊፈርስ! ጦጣዎቹም ተንከተከቱ። «ካሸነፍሽኝ ሁለተኛ ግንዷን አልነካትም» አላት።

«በዓይን ነው በልክ?»

«በልክ!»

«በማን ክንድ?»

አፉ ለምዶበት «ሁሉም በየክንዱ!» አለና አረፈው።

ነጭ ጋቢ የለበሰ የሚመስለው ሽማግሌ፣ አባባ ጉሬዛ፣ መለካት ጀመረ። የጎሽ ቀንድ በጎሽ ክንድ፦ አንድ… ሁለተኛው አልሞላም። የጥንዚት ቀንድ በጥንዚት ክንድ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስምንት!

«ቆይ ቆይ! እሷንም በኔ ክንድ ለካት!» ጮኸ ጎሽ።

ጥንቸል ከኋላ ሆና «ሁሉም በየክንዱ፣ ጋሼ!» አለች። ጫካው በሙሉ እያጨበጨበ ተቀበላት፦ «ሁሉም በየክንዱ! ሁሉም በየክንዱ!»

ጎሽ ጭራውን ሸጉጦ፣ ጀርባውን እየበላው ሄደ። ጥንዚትም «እሾህ ላይ ታከክ ጋሼ፣ ይጣፍጣል!» ብላ ሸኘችው።

እኔ ጨረስኩ፤ ያልሳቀ ተነስቶ ክንዱን ይለካ። ለዚህ ነው እንዲህ የሚባለው፦

ለሰው የዘረጉት ክንድ፣ ይለካል የራስን ቀንድ።