ዘንቢል፣ ፌስታልና የዳለቻ ጉሮሮ

ተረት አለኝ። እናንተም «ጆሮ አለን» በሉኝና ቅረቡ። የማይሰማ ይተኛ፤ የሚተኛም አያንኮራፋ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ያን ያህል ድሮ አይደለም፤ ፌስታል አገር ከገባች በኋላ፣ ዕቃ ደግሞ ገና ማውራት ሳያቆም ነው። ያኔ ሰውም ከብትም ዕቃም በአንድ አፍ ይነጋገር ነበር። ድስት ይሳደባል፣ ወንፊት ሐሜት ያጣራል፣ አይጥ ደግሞ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ትላለች።

በዚያን ዘመን ወይዘሮ ዘርትሁን የምትባል ሴት ከባሏ ከአቶ ቢምረውና ከልጃቸው ከሙጪት ጋር ከኮረብታ ሥር ትኖር ነበር። ሀብታቸው አንዲት ላም ናት፤ ስሟ ዳለቻ። ዳለቻ ከታለበች ቤቱ ይጠግባል፤ ዳለቻ ካልታለበች ቤቱ ምራቁን ይውጣል።

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ እመት ዘንቢል ተንጠልጥላለች። ከዘንባባ የተሠራች፣ ሆደ ሰፊ፣ አንድ ጆሮዋ የተጠገነ። ጎመን ተሸክማለች፣ ዶሮ ተሸክማለች፣ ሙጪትንም በሕፃንነቷ ተሸክማለች። ሙጪትም ያደረገችባትን አድርጋባታለች፤ እሱን አናነሳውም።

አንድ የገበያ ቀን አቶ ቢምረው ጨው ሊገዛ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ሄደ። ሲመለስ ጨዉን በሰማያዊ ፌስታል አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። ወይዘሪት ፌስታል ሽው ሽው እያለች ገባች። ዘርትሁን አየቻት፣ ወደደቻት። ቀላል ናት፤ ታጥፋ ጉያ ውስጥ ትገባለች፤ ደግሞ ታብለጨልጫለች።

«እንዲህ ያለችው እያለችልን ይቺን አሮጊት ምን ያስጎትተናል?» አለች ዘርትሁን ዘንቢልን እያየች። «ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲረጥብ ለማቀጣጠያ ትሆነናለች።»

ዘንቢል ይህን ስትሰማ የተጠገነውም ያልተጠገነውም ጆሮዋ ተንቀጠቀጠ። ፌስታል ከጎኗ ሚስማር ላይ ተሰቅላ ሳቀችባት።

«አይዞሽ እመት፣ ደረቅ ስለሆንሽ ቶሎ ትገላገያለሽ።»

«አንቺስ ልጄ፣ መቼ ትሞቻለሽ?»

«እኔማ መሞት አላስተማሩኝም» አለች ፌስታል።

ዘንቢልም «ክረምት ሳይገባ ይቺን ልጅ ከዚህ ቤት አስወጣታለሁ» አለች በሆዷ። ሆዷ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ብዙ ተንኮል ይይዛል።

መጀመሪያ አይጥን ጠራቻት።

«አይጢቱ፣ ያችን ሰማያዊ ብትበያትስ? ጨው ጨው ትላለች አሉ።»

አይጥ ዘላ ወጣች። ነከሰች፣ አኘከች፣ አኘከች፣ ተፋች። «እመት ዘንቢል፣ ይቺ ምግብ አይደለችም። የአማቴን ምክር ትመስላለች፤ ቢያኝኳት ቢያኝኳት አትዋጥም።»

ፌስታል ግን ተበሳች። ዘርትሁን ምን ገዷት፣ ቀዳዳውን ጥብቅ አድርጋ ቋጥራ ገበያዋን ሄደች። ፌስታል ስትመለስ «ቋጠሮዬን አየሽልኝ? ጌጥ ሆነልኝ» አለች።

ዘንቢል ተናደደች። ሁለተኛ ውሻን ጠራችው።

«አያ ውሻ፣ አጥንት ትቀብራለህ አሉ። እስቲ ይቺን ቅበርልኝ።»

«እኔ የምቀብረው መልሼ ላወጣው ነው።»

«ይቺን ቅበርና እርሳት።»

«መርሳቱንማ እችልበታለሁ» አለ ውሻ። ወሰደና ከጓሮ፣ ከጎመኑ ሥር ቀበራት።

ዘንቢል ለቅሶ እንኳ ሳትደርስ በደስታ ሰነበተች። ምን ዋጋ አለው፣ አቶ ቢምረው ጓሮውን ሊቆፍር ወጣና ዶማው ሰማያዊ ነገር ይዞ ብቅ አለ። ጎመኑ ጠውልጓል፤ ሥሩ መሄጃ አጥቶ ተጠማዟል። ፌስታል ግን እንደ ሙሽራ ናት። ታጠበች፣ ጨው ተሞላባት፣ ሚስማሯ ላይ ተመለሰች።

«ጥሩ እንቅልፍ ነበር» አለች። «ትሎቹም ቀመስ ቀመስ አድርገው ተዉኝ። ሲቀበሩ ማለቅ የናንተ ነገር ነው።»

ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ዘርትሁን ጨዉን ወደ ማሰሮ ገለበጠችና ዘንቢልን አውርዳ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት። እሳቱ አያት። እሷም እሳቱን አየችው። በዚህ መሐል ንፋስ በበሩ ስንጥቅ ሲያፏጭ ሰማች።

«አያ ንፋስ፣ ጉልበትህ አለቀ የሚሉት እውነት ነው?»

«ማን ነው የሚለው?»

«ያች ሰማያዊ ናታ። ‹ፉጨት ብቻ ነው፤ እኔን እንኳ አያነሳኝም› አለች።»

«እኔን?» አለ ንፋስ። በሩን በርግዶ ገባ፤ ፌስታልን በጆሮዋ ይዟት ወጣ።

«ኧረ ወዴት ነው?» አለች ፌስታል እየተገለባበጠች።

«ወዲያ ነዋ!»

«ወዲያ የት ነው?»

ንፋስ ግራ ቀኝ አማተረ። ወዲያ የሚሉት ቦታ ሄዶ አያውቅማ። ሲደክመው ከግቢው የእሾህ አጥር ላይ ጥሏት እብስ አለ።

ዘንቢል እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ በበሩ በኩል ዳለቻ ከግጦሽ ስትመለስ አየች። ዳለቻ ደግሞ ጨው ሲሸታት ሃይማኖቷን የምትረሳ ላም ናት። አጥሩ ጋ ቆመች። ላሰች፣ ጣማት። ሳበች፣ ጣማት። ዋጠች። ቋጠሮው ግን ከጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ዳለቻ ማመንዠክ አቆመች። ለሃጯ ተዝረከረከ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ።

«ቡዳ ነው» አለች ዘርትሁን፤ ጤና አዳም አሸተተቻት። ዳለቻ ሳለች እንጂ አልዳነች።

«ምን ቡዳ አለ፣ ምች ነው» አለ ቢምረው፤ ዳማከሴ ጨምቆ በአፍንጫዋ አፈሰሰላት። ዳለቻ አነጠሰች እንጂ አልዳነች።

«ትናንት ጎረቤታችን እናንዬ ‹ላማችሁ እንዴት አማረባት› ብላለች» አለች ሙጪት። እናንዬ ተጠራች። «በይ እንትፍ በይባት፣ አይንሽ እንደሆነ» አሏት። እናንዬ ምን ታድርግ፣ ምራቋ እስኪደርቅ እንትፍ እንትፍ አለች። ዳለቻ ረጠበች እንጂ አልዳነች።

ዘንቢል ከምድጃው ጥግ ሆና ሁሉንም ታያለች። ብናገር እሳቱ ይኸው። ዝም ብል ላሟ ይኸው። ዳለቻ ጉልበቷ ከዳትና ተንበረከከች። ሙጪት አንገቷን አቅፋ ስታለቅስ ዘንቢል አልቻለችም።

«ቡዳም አይደለም፣ ምችም አይደለም» አለች። «እናንዬንም ውኃ ስጧት። ፌስታልን በንፋስ ያስወሰድኳት እኔ ነኝ። ዳለቻ ውጣታለች፤ ጉሮሮዋ ላይ ናት።»

ቢምረው ዘንቢልን ብድግ አድርጎ እሳቱ ላይ አንዣበበባት። «አንቺ ሆዳም! ላሜን ጨረስሽ አይደል?»

«ይጣሉኝ ጌታዬ፣ ይገባኛል። ግን እኔ ነድጄ እስካልቅ ላሟ አትጠብቅም። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ይዩ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እሷን ተዋትና መንጋጋዋን ያዝልኝ» አለች ዘርትሁን። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ክንዷን ቅቤ ቀባች፣ እስከ ክርኗ ከተተች። ቋጠሮውን ያዘች። ሳበች። ሰማያዊው ወጣ፣ ወጣ፣ ገና ወጣ። ዳለቻ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እፎይ» አለች ላሟ። «ከሁሉ የባሰብኝ የእናንዬ ምራቅ ነው።»

ወይዘሪት ፌስታልም መሬት ላይ ተዘርግታ «እንደምን ዋላችሁ» አለች።

ቢምረው ጦፈ። «አንቺን ነው ማቃጠል!»

«አቃጥለኝ፤ ጭሴን የምትምገው አንተ ነህ። ቅበረኝ፤ ጎመንህን ጠይቀው። ወርውረኝ፤ ላምህ አሁንም ጨው ትወዳለች። እኔ እግር የለኝ፤ ባዶ እጅህን ገበያ ወጥተህ ያመጣኸኝ አንተ። አሁን ምን ላድርግልህ?»

ሁሉም ቢምረውን አየው። ላሟ አየችው፣ ውሻው አየው፣ አይጥ እንኳ ከቀዳዳዋ አንገቷን አውጥታ አየችው። ቢምረው ዘንቢልን ከጣላት ቦታ ቀስ ብሎ አነሳና አቧራዋን በእጁ አራገፈላት።

«እኔም ማቀጣጠያ ብያታለሁ» አለች ዘርትሁን። «ጥፋቱን ብቻህን አትውሰድ፤ ለኔም አካፍለኝ።»

ሙጪት ግን ፌስታልን አጠበቻት፣ ጠቅልላ ጠቅልላ በአባቷ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጠቀጠቀቻትና ኳስ አደረገቻት። ታጥፋ ጉያ ትገባ የነበረችው ወይዘሪት በእርግጫ ከአጥር አጥር ስትላተም ዋለች። «ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ» ትላለች፤ ከካልሲ ውስጥ ማን ይሰማታል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ባዶ እጁን ገበያ የሚወጣ የለም። ሙጪት ለዘይቱ ቅል ትይዛለች። ዘርትሁን ሥጋውን በኮባ ቅጠል ታስጠቀልላለች፤ ቅጠሉን ዳለቻ ብታገኘው ደስታዋ ነው። ዘንቢልም አዲስ ጆሮ ተሠራላትና ከምድጃው ተነስታ ከበሩ አጠገብ ተሰቀለች። የሚሸከማት ማን መሰላችሁ? አቶ ቢምረው። መጀመሪያ ይዟት የወጣ ዕለት የገበያው ወንዶች ተጠቃቅሰው ሳቁበት።

«ቢምረው፣ ዘንቢል አስይዛ የላከችህ ሚስትህ ናት?»

«አይደለችም» አለ ቢምረው፣ ዘንቢሉን ከትከሻው እያስተካከለ። «ላሜ ናት።»

ስለዚህ ልጆች፣ «ወዲያ ጣልኩት ያለ፣ ከላሙ ጉሮሮ አገኘው» ይባላል።

እኔ ተረቴን በዕቃ ሞልቼ ልኬላችኋለሁ፤ ዕቃዬን ባዶውን እንዳትመልሱት።