ቅዳሜ የት ልቀመጥ?

ደሴ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ጠጪ ነበር። ይህን ስል አንገታችሁን የደፋችሁ አላችሁ፤ ቀና በሉ፣ የማወራው ስለ ደሴው ሰው ነው።

ወንድይፍራው ይባላል። ሐኪሙ ጉበቱን አይቶ "ወይ መጠጡን ወይ ዕድሜህን ምረጥ" አለው። ወንድይፍራው ዕድሜውን መረጠ። ሰኞ አልጠጣም፣ ማክሰኞም አልጠጣም። ሥራ ባለበት ቀን መተው አይከብድም። የሚከብደው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ሲዘጋ፣ እግሩ ሳያማክረው ወደ እትዬ የሺሐረግ ጠጅ ቤት ይታጠፋል።

ምን ናፈቀው? ጠጁ? እሱስ ናፍቆታል፤ አልዋሽም። ይበልጥ የናፈቀው ግን ሌላ ነው።

እዚያ ቤት ሲገባ ማንም "እንደምን ዋልክ?" አይለውም። ፊቱን ያዩና "ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነካህ?" ይሉታል። እናቱ የሞቱ ጊዜ፣ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ሲቀበልና ሲሸኝ ሰንብቶ፣ እንባው የመጣለት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። አንድ ጡረተኛ ዳኛና አንድ ከሰል ነጋዴ ግራና ቀኝ ይዘውት አብረውት አለቀሱ። ዛሬ ሁለቱም አፈር ለብሰዋል። ለነፍስ አባት ያልተነገረ ስንት ነገር እዚያ ቤት ተነግሯል! እኔ አልነበርኩም፤ ሲወራ ሰምቼ ነው።

"ታዲያ ቅዳሜ የት ልቀመጥ?" አላት ሚስቱን ጥሩወርቅን።

"ቤትህ ነዋ!"

"ቤት አንቺ አለሽ።"

"እኔ ምን አደረግኩህ?"

"ምንም። አንቺ እንዳትሰጊ ደህና መምሰል አለብኝ። መምሰሉ ደግሞ ያስጠማል።"

 ጥሩወርቅ ጠይቃ፣ አጠያይቃ፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች በአንድ ጤና ጣቢያ አዳራሽ እንደሚሰበሰቡ ሰማችለት። ሄደ።

ወንበሩ በክብ ተደርድሯል። የምትመራቸው ልጅ ትሑት ናት። "እስቲ በየተራ፣ እንዴት ናችሁ?" አለች።

የመጀመሪያው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ሁለተኛው "ደህና፣ ምስጋና ለእሱ ይሁን።"

ሦስተኛው እጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። "በጣም ደህና!"

ወንድይፍራውም ተራው ደረሰና ደህና ሆነ። ክቡ ሁሉ ደህና ነበር። ልጅቷም ደስ ብሏት አሰናበተቻቸው። ምእመናን፣ ማን ዋሸ? ማንም። አስተዳደጋችን ነው። ሰው ሲጠይቀን ደህና ነን።

ሲወጡ ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰው፣ ደምሴ፣ ተከተለው። "ወንድሜ፣ እዚህ አልሆነልኝም። የሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ቤት ለምን አንሰባሰብም?" ሌሎችም እሺ አሉ። ወንድይፍራው በልቡ "ይሄም ካልሆነ ወደ የሺሐረግ እመለሳለሁ" አለ። ለጥሩወርቅ ግን አልነገራትም።

 ደምሴ እናቱን እማማ ዘነቡን "ሰካራሞች ይመጡብኛል" ይበላቸው? አፈረ። "ማኅበርተኞች ይመጣሉ" አላቸው።

ማኅበር! እማማ ዘነቡ ደግሞ የማኅበርን ወግ ያውቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ ጌሾ ሲወቅጡ፣ ጠላ ሲጠነስሱ ሰነበቱ። ቅዳሜ ደረሰ፤ እንግዶቹ እንደተቀመጡ ጠላውን በጣሳ ይዘው ገቡ። በወጉም መሠረት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው መጀመሪያ እሳቸው ቀመሱ።

"እስቲ ጉሮሯችሁን አርጥቡ። በእጄ የጠመቅኩት ነው።"

ደምሴ ግድግዳው ውስጥ ቢገባ ደስ ባለው። እንግዶቹስ? የእናትን እጅ ማን ይመልሳል? እያንዳንዱ የተቀዳለትን ብርጭቆ ተቀበለ። ማንም አልጠጣም፣ ማንም አላስቀመጠም። 

"ምነው? ከፋ እንዴ?" አሉ እማማ ዘነቡ። "ደህና አይደላችሁም?"

ሽታው የወንድይፍራውን አፍንጫ ሞላው። አፉ ምራቅ አቀረረ። እጁ ብርጭቆውን ከፍ አደረገ። ከዚያ ድምፁ፣ እሱ ራሱ እንኳ ሳያውቀው ወጣ።

"እማማ፣ ደህና አይደለሁም። ይቺን ከቀመስኩ ቤቴ አልገባም።"

 ቀጥሎ ከጥግ የተቀመጠው "እኔም ትናንት ጠጥቻለሁ" አለና ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። "እኔ ጠጥቼ ለሚስቴ አልጠጣሁም ብዬ ምዬላታለሁ" አለ ሌላው። ደምሴ አለቀሰ።

"አንት ልጅ!" አሉ እማማ ዘነቡ። "ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ! ስንት ጌሾ ወቀጥኩ!" እየተቆጡ ብርጭቆውን ሁሉ ሰበሰቡ። ጋኑ የት ደረሰ? አትጠይቁኝ፤ ጎረቤት አለ። ከዚያ ውሃ አምጥተው፣ በርጩማቸውን ስበው፣ መሀላቸው ተቀመጡ። ወሬው ጀንበር እስክትጠልቅ አላለቀም። ወንድይፍራው ከዳኛውና ከከሰል ነጋዴው ወዲህ እንዲህ ያለ ቅዳሜ አላየም።

ምእመናን፣ እኔን የከነከነኝ ጠላው አይደለም። ሰውዬው ያቺን አንዲት ቃል የሚጥልበት ቦታ ፍለጋ ስንት ደጅ ዞረ! በእኛ ደጅስ አላለፈም ትላላችሁ? እዚህ ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን ደህንነት ስንጠያየቅ፣ መልሱን ጆሯችን ሳይሰማ እግራችን በር ላይ አይደርስም?

ከመካከላችሁ ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ያላየ አለ። ልጇ ከቤት የጠፋባት አለች። ነጠላዋ ግን ንጹሕ ነው፤ ማን ያውቅባታል?

እንግዲህ ዛሬ ስትወጡ አንድ ሰው ጠይቁ። ደህና ነኝ ይላችኋል፤ ያንን እመኑት፣ አትከራከሩት። ብቻ ቶሎ አትሂዱ። ታክሲው ቢያመልጣችሁ ሌላ ይመጣል። ትንሽ አብራችሁት ቁሙ።