ጳጳሱና የሁለት ወገን በር

አንድ የአንግሊካን ጳጳስ ነበሩ። በወጣትነታቸው በወንዝ ዳር መንደሮች ልጆች ያስተምሩ ነበር። ከዚያ ዲያቆን፣ ቀጥሎ ቄስ፣ በመጨረሻም የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሆኑ። በዘመናቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተሠርተዋል፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክም ተከፍቷል።

በቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ልማድ አለ። አዲስ ጳጳስ በሚሾምበት ቀን የካቴድራሉ በር ይዘጋል። ጳጳሱ ከውጭ ቆሞ በበትሩ ያንኳኳል። ከውስጥ ከምእመናኑ አንዱ «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጳጳሱ «አገልጋያችሁ ነኝ» ሲል ይከፈትለታል። እኚህ ጳጳስ በተሾሙ ቀን ጠይቃ የከፈተችላቸው ኛኮት የምትባል፣ በወንዙ ዳር ባለች በአንዲት መንደር የእናቶች ማኅበር መሪ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጳጳሱ በር አንኳኩተው አያውቁም። የትም ሲደርሱ በሩ ቀድሞ ተከፍቶ፣ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበላቸዋል።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ወጣቶችን ባርከው በእምነታቸው ሊያጸኑ ወደ ኛኮት መንደር ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መዝሙር ይሰማል፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ጳጳሱ ፈገግ ብለው በበትራቸው አንኳኩ። መዝሙሩ ቆመ።

«ማን ነው?» አለች ኛኮት ከውስጥ።

«አገልጋያችሁ ነኝ።»

«አይ አባታችን! እሱንማ በቃልዎ ይዘውታል።» ከኋላዋ ሰዎች ሲስቁ ተሰማ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ወንዙ ሞልቶ ቤታችንን በወሰደ ጊዜ ልጆች አዝለን ግቢዎ ድረስ መጣን። አንኳኳን። ዘበኛው ‹ማን ናችሁ?› አለን። ‹የጳጳሱ ልጆች ነን› አልነው። ‹ስብሰባ ላይ ናቸው› ብሎ መለሰን። ዝናብ ላይ አደርን። የልጄ ልጅ ያኔ እንደታመመ አልተነሣም።»

አብረዋቸው የመጡት ቄስ ወደ ጳጳሱ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ብፁዕ አባታችን፣ ጥፋቱ የዘበኛው ነው ይበሏቸው። ይከፍታሉ።»

ጳጳሱ ምክሩን አመዛዘኑት። ዘበኛው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚያስተባብላቸው ሰው የለም። ይህን ካላሉ ደግሞ የአገልግሎታቸው የመጨረሻ ጉዞ በተዘጋ በር ፊት ሊያበቃ ነው።

«ዘበኛው አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ስታንኳኩ ሰምቻለሁ። በጎርፍ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ስለማሰባሰብ እየተነጋገርን ነበር። ድምፃችሁ አላነጋግር ስላለን መስኮቱን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።»

በሩ አልተከፈተም። ቄሱ ወደ መኪናው መመለስ ጀመሩ። በመጨረሻ መወርወሪያው ተንቀሳቀሰ፤ ኛኮት በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ይግቡ» አለች። «ይቅርታው ግን ዛሬ አልቆ የሚሰጥዎ አይመስለኝም።»

«እጠብቃለሁ» አሉ ጳጳሱ። በትራቸውን ከውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ባዶ እጃቸውን ገቡ።

ከመሰናበታቸው በፊት ለሀገረ ስብከቱ ጉባኤ አንድ ልመና አቀረቡ፤ ጉባኤውም ብዙ ተከራክሮ ተቀበለው። ተተኪያቸው በሚሾምበት ቀን፣ አዲሱ ጳጳስ ከውጭ ከማንኳኳቱ በፊት በካቴድራሉ ውስጥ እንዲቆም ተደረገ። በሩ ተዘጋ። ኛኮትና የመንደሯ ሰዎች ከውጭ አንኳኩ። አዲሱ ጳጳስ እንዲከፍቱለት ወደ ዲያቆናቱ ዞር አለ።

«አንተው ክፈት፣ ልጄ» አሉ አሮጌው ጳጳስ ከኋላ ወንበር። «እኔ የተሾምኩት ማንኳኳቱን ብቻ ተለማምጄ ነው።»

ታሪኩን ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የሚነግረን ይህ ይመስለኛል፦ ወደ ሹመት የሚያስገባንን በር ሌሎች ይከፍቱልናል። አገልጋይ መሆናችን የሚታወቀው ግን እኛ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ በሆነ ጊዜ ነው። በመልካም ሥራ ተጠምደን ሳለ፣ ድምፁ ረበሸን ብለን መስኮት የዘጋንበት ሰው ማን ይሆን?